ኤፍ 9ን ስንቴ ጫንክ?

የምኖረው ጀሞ ካሉት ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ ነው። ከብሎካችን ጀርባ ኮሚናል የምንለው የጋራ ቤት አለ። ሲሠራ ለልብስ ማጠቢያ፣ በግ ለማረጃ፣ እንጀራ ለመጋገሪያ፣ ለለቅሶና ለድግስ ታስቦ ነበር። ባለፈው ዓመት ማኅበሩ ከፊሉን በብሎኬት ከፋፈለና ስድስት ጠባብ ክፍሎች አወጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ቤት ውስጥ እየሠራ ኑሮውን ለሚገፋ ነዋሪ በትንሽ ኪራይ ይሰጥ ተባለ። ለስድስት ክፍል 41 ሰው ተመዘገበ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መገመት አይከብድም። ማን ይቅደም? ዕድሜ ይታይ ያለ ነበር፤ ልጆች ያሉት ይቅደም ያለ ነበር፤ «መዋጮ በወቅቱ የከፈለ» ያለም ነበር። ሁለት ስብሰባ በጭቅጭቅ አለቀ። በሦስተኛው አንድ ሰው ተነስቶ «ዕጣ ይውጣ» አለ፤ ሁሉም ወዲያው ተስማማ። የደከመው ሰው ሁሉ የሚስማማበት ነገር ቢኖር ዕጣ ነው።

«ያ ኮምፒውተር የሚሠራው ልጅ አለ አይደል? እሱ በኮምፒውተር ያውጣልን፤ ወረቀት ሲጠቀለል ሰው ይጠራጠራል» አሉ ጋሼ፣ የማኅበሩ ሰብሳቢ። ያ ልጅ እኔ ነኝ። ሶፍትዌር ነው የምሠራው። ለሰፈር ሰው ግን ሶፍትዌር፣ ፕሪንተር፣ የዲሽ ሪሲቨርና የተቆለፈ ስልክ አንድ ሙያ ናቸው። እሺ አልኩ። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ መስሎኝ ነበር።

*

ማታ ላፕቶፔን ከፍቼ 41ዱን ስም ኤክሴል ላይ ጻፍኩ። ሥራ ቦታ አንድ የለመድኩት ፎርሙላ አለኝ። ሶፍትዌር ስንሞክር የእውነተኛ ደንበኛ ስም እንዲታይ አንፈልግም፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ ያሉትን ቃላት እንበውዛቸዋለን። ፎርሙላው ጽሑፉን ክፍት ቦታው ላይ ይቆርጠዋል፣ ለእያንዳንዱ ቁራጭ የዘፈቀደ ቁጥር ያድላል፣ በቁጥሩ ተራ ይደረድራል፣ ከዚያ መልሶ ይገጥመዋል። ሳላስብ እሱን ኮፒ አድርጌ ለጠፍኩት።

የወጣውን ሳይ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰዎቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ የተበወዘው ስማቸው ነው። በምሳሌ ላስረዳ፤ «አበበ ከበደ ተሰማ» የነበረው «ተሰማ ከበደ አበበ» ሆኖ ቁጭ ብሏል። አያቱ የልጅ ልጃቸው የልጅ ልጅ ሆነዋል ማለት ነው። የእኛ ስም የቤተሰብ መጠሪያ ከኋላው አልተለጠፈበትም፤ ሦስቱ ቃላት ሦስት ትውልድ ናቸው፣ ትርጉሙም ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሦስት ቃል በስድስት መንገድ መደርደር ይቻላል። ከስድስቱ ያንን ሰው የሚሆነው አንዱ ብቻ ነው።

ቀልዱ ቀልድ ነው፤ ግን ያን ጊዜ ልብ ያላልኩትን ነገር በኋላ አስተማረኝ። መበወዝ ምንም የማይነካ፣ ንጹሕ የሆነ ሥራ ይመስላል። «ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አልቀነስኩም፤ ቦታ ነው ያቀያየርኩት» ትላለህ። ቦታ ማቀያየር ግን አንዳንዴ አባትን ልጅ ማድረግ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ቤት ያለውን ቤት አልባ ማድረግ ነው።

ለማንኛውም ፎርሙላውን አስተካከልኩት። አሁን ሴሉ ሳይነካ ሰዎቹ ይበወዛሉ። በግራ በኩል የተመዘገቡት ስሞች አሉ፤ በቀኝ በኩል እነዚያው ስሞች በዘፈቀደ ተደርድረው ይወጣሉ፤ ከላይ ያሉት ስድስቱ ክፍሉን ያገኛሉ። ኢንተር አልኩ።

አራተኛዋ እማማ ነበሩ።

እማማን ሁሉም ሰው ያውቃቸዋል። አራተኛ ፎቅ ላይ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። መብራት ሲጠፋ ሊጡን ተሸክመው ደረጃ ይወርዳሉ፤ ሲመጣ መልሰው ይወጣሉ። እናቴ ታማ በተኛችበት ሰሞን ለሦስት ወር እኛ ቤት እንጀራ ጠፍቶ አያውቅም፤ ሒሳቡንም ጠይቀውን አያውቁም። ምድር ላይ ያለ ክፍል ለሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስማቸውን ሳይ ከወንበሬ ብድግ አልኩ።

ከዚያ ከተመዘገቡት ስሞች አንዱ ላይ የፊደል ስሕተት አየሁ። «ሥላሴ» የሚለውን በእሳቱ «ሰ» ጽፌዋለሁ። ነገ ሲለጠፍ ሰውየው እንዳይቀየም ብዬ አስተካከልኩና ኢንተር አልኩ።

ዝርዝሩ በሙሉ ተገለባበጠ። እማማ 23ኛ።

*

ኤክሴልን የሚያውቅ ምን እንደሆነ ገብቶታል። የዘፈቀደ ቁጥር የሚያወጡት ፎርሙላዎች አንዴ አውጥተው አይቀመጡም። ገጹ ላይ የትም ቦታ አንድ ፊደል ብትነካ እንደገና ያሰላሉ፤ ምንም ሳትነካ ኤፍ 9ን ብትጫንም እንደገና ያሰላሉ። ዕጣው የወጣበትን ቅጽበት ማቆየት ከፈለግህ ውጤቱን ኮፒ አድርገህ ፎርሙላውን ትተህ ጽሑፉን ብቻ መለጠፍ አለብህ። እኔ ይህን ሳላደርግ ነው ፊደል ለማረም የሄድኩት። ኮንትሮል ዜድ ብልም የሚመለሰው የፊደል ስሕተቱ እንጂ ዕጣው አይደለም። የመጀመሪያው ዝርዝር ሄዷል፤ በየትኛውም ፋይል፣ በየትኛውም ታሪክ ውስጥ የለም።

ራሴን እንዲህ አልኩት፦ እማማ ወጥቶላቸው ነበር። የነጠቅኳቸው እኔ ነኝ፤ በአንድ «ሠ» ምክንያት። መመለስ ደግሞ ግዴታዬ ነው።

ኤፍ 9ን ጫንኩ። የሉም። ደግሜ ጫንኩ። የሉም። ስምንተኛው ላይ ሦስተኛ ሆነው ወጡ። ቶሎ ብዬ ኮፒ አደረግሁ፣ ለጠፍኩ፣ ፕሪንት አደረግሁ። ተኛሁ ልበል እንጂ አልተኛሁም።

*

አሁን ጥያቄው ይኸው፦ ያደረግሁት ነገር ስሕተት ነው?

ሒሳቡን የሚያውቅ ጓደኛዬ «ኧረ ምንም አላደረግህም» አለኝ። ክርክሩ ደካማ አይደለም። ስምንተኛው ዕጣ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ዘፈቀደ ነው። ኮምፒውተሩ የቀደመውን አያስታውስም፣ ለማንም አያደላም። እያንዳንዱ ሰው በእያንዳንዱ ዙር ከ41 ስድስት ዕድል ነበረው፤ ከመቶ 15 ገደማ መሆኑ ነው። እንግዲህ ከእኩል ዕጣዎች አንዱን ብትይዝ ማን ተበደለ?

መልሱ ሒሳቡ ውስጥ አለ፤ ጥያቄውን በትክክል ካስቀመጥነው። የአንዱ ዙር ዕድል ከመቶ 15 ነው። «እስኪወጡ ድረስ እጫናለሁ» ለሚል ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በስምንት ጊዜ ውስጥ ቢያንስ አንዴ የመውጣታቸው ዕድል 72 በመቶ ነው። ሃያ ጊዜ ለሚጫን 96 በመቶ ይደርሳል። ትዕግሥቱ ላለው ሰው መቶ ነው በለው። እያንዳንዱ ዕጣ ንጹሕ ዘፈቀደ ነበር፤ ሁሉም አንድ ላይ ሲሆኑ ግን የእኔ ፈቃድ ናቸው። ዕድል የሚባለው ነገር ያለቀው ስማቸውን ፈልጌ ባጣሁበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በኋላ የነበረው ምርጫ ነው፤ የዕጣ ልብስ የለበሰ ምርጫ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ማንም ሊደርስበት አለመቻሉ ነው። የተለጠፈውን ወረቀት የዓለም ምርጥ የስታቲስቲክስ ሊቅ ቢመረምረው ምንም አያገኝም። የተጭበረበረ ዕጣና ትክክለኛ ዕጣ ወረቀት ላይ መንታ ናቸው። ልዩነታቸው ያለው በወጡበት መንገድ ላይ ነው፤ መንገዱን ያየሁት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ።

*

ይህን ሳብሰለስል ከሰፈሬ በላይ ወደሆነ ዕጣ ሄድኩ። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የኖረ ሰው አይረሳውም። ከተማ አስተዳደሩ 25,791 የጋራ መኖሪያ ቤቶችን በ20/80 እና በ40/60 ዕጣ አወጣ። በ1997 ተመዝግቦ የጠበቀ አለ፤ በ2005 የተመዘገበ አለ፤ ወር በወር ንግድ ባንክ እየቆጠበ፣ ተከራይቶ ልጅ ያሳደገ አለ። እልል ተባለ፣ ስልክ ተደወለ፣ ለስለት ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ የሄደ ይኖራል። በቀናት ውስጥ ግን ዕጣው ተሰረዘ። አስተዳደሩ እንዳስታወቀው፣ ዕጣው የወጣበት ሲስተም ውስጥ የገባው መረጃ ከባንክ ከተላከው ጋር አይገጥምም፤ መስፈርቱን ያላሟሉ ሰዎች ዝርዝሩ ውስጥ ገብተዋል። የተጠረጠሩ ሰዎች ተያዙ፤ ዕጣው በኅዳር 2015 እንደገና ወጣ።

እኔን የያዘኝ ነገር ይኸው ነው፦ እዚህ ታሪክ ውስጥ ዋናው ጥያቄ ኮምፒውተሩ በትክክል በወዘ ወይ የሚለው አልነበረም። የፈለገውን ያህል በትክክል ይበውዝ፤ ገንቦው ውስጥ መግባት የሌለበት ስም ከገባ፣ የሚወጣው በትክክል የተበወዘ ውሸት ነው። ዕጣ የሚጀምረው ቁልፉ ሲጫን ይመስለናል፤ የሚጀምረው ግን ዝርዝሩ ሲጻፍ ነው።

ሌላም አለ፤ ይኼኛው የበዋዡ ጥፋት ነው። ዲቪ ሞልቶ የማያውቅ ቤተሰብ እዚህ አገር ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2011 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የዲቪ 2012 ዕጣ ውጤትን ድረ ገጽ ላይ አወጣ። 22 ሺህ ያህል ሰዎች ደርሶሃል ተባሉ። ከዚያ በዚያው ወር «የኮምፒውተር ፕሮግራም ስሕተት ነው፤ ተሰርዟል» ተባለ። ምዝገባው አንድ ወር ገደማ ክፍት ሆኖ ሳለ፣ ከወጡት ሰዎች 90 በመቶው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት የሞሉ ነበሩ። ማንም ተንኮል አላሰበም፤ ፕሮግራሙ ግን ቀድሞ ለሞላ አደላ። ሐምሌ ላይ እንደገና ወጣ።

መበወዝ ከሚመስለው በላይ ከባድ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1969 አሜሪካ ወጣቶችን ለቬትናም ጦርነት ስትመለምል የዓመቱን 366 ቀናት በትንንሽ ፕላስቲክ ውስጥ አድርጋ በአደባባይ ዕጣ አወጣች። ቀናቱ ወር በወር ነበር የተጨመሩት፤ በደንብም አልተማሱም። ስለዚህ በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱት ቶሎ ቶሎ ወጡ። ማማሰያው ሁለት ጊዜ ቢዞር ኖሮ አንዳንዱ ሰው ዛሬ አያት ይሆን ነበር።

እኛ ኮድ የምንጽፈውም በተመሳሳይ ጉድጓድ እንገባለን። ሦስት ካርድ በውዝ ቢባል ሰነፍ ፕሮግራመር «እያንዳንዱን ካርድ ከሦስቱ ከአንዱ ጋር በዘፈቀደ ቀይር» ብሎ ይጽፋል። ሲያዩት ፍትሐዊ ነው። ግን መንገዱ ሦስት ጊዜ ሦስት ጊዜ ሦስት፣ ማለትም 27 ነው፤ የካርዶቹ አደራደር ደግሞ ስድስት። 27 ለስድስት እኩል አይካፈልም። ስለዚህ አንዳንዱ አደራደር አምስት ጊዜ ሲመጣ ሌላው አራት ጊዜ ብቻ ይመጣል። ትክክለኛውን መንገድ ፊሸርና ዬትስ በ1938 እ.ኤ.አ. በወረቀትና በእርሳስ አስቀምጠውታል፦ ከቀሩት መካከል አንዱን አውጣ፣ የወጣውን አትንካ፣ ከቀሩት ደግሞ አንዱን አውጣ። ሦስት ጊዜ ሁለት ጊዜ አንድ፤ ልክ ስድስት።

«የወጣውን አትንካ።» ይህ የሒሳብ መመሪያ ነው። እኔ ግን እንደ ግብረ ገብ ትምህርት አነበብኩት።

*

አሁን አንድ አንባቢ ሊይዘኝ ይችላል። «ቆይ፤ ከተማው ዕጣውን ሰርዞ ደገመ፣ አሜሪካም ሰርዛ ደገመች። በመጀመሪያው ዙር በሐቅ ደርሷቸው ያለቀሱ ሰዎች አሉ። አንተ ብትደግም ምን ልዩነት አለው?»

ጥሩ ጥያቄ ነው። እነዚያ ሰዎች እንዳዘኑም እውነት ነው፤ ቆጥቦ፣ ጠብቆ፣ ደርሶት፣ ተነጥቆ በድጋሚው ያልወጣለት ሰው ኀዘኑ በየትኛውም ክርክር አይጠፋም። ልዩነቱ ግን አለ፤ በአንድ ጥያቄ ይለካል፦ የወጡትን ስሞች ሳታይ ዕጣውን ትሰርዘው ነበር?

ዝርዝሩ ውስጥ ያልተገባ ስም ካለ፣ ማንም ይውጣ ማን ዕጣው መሰረዝ አለበት። ምክንያቱ ስሞቹ ከመታየታቸው በፊትም እውነት ነበር። የእኔ ምክንያት ግን የተወለደው ስም ካየሁ በኋላ ነው። በዚያ ሌሊት የፊደሉን ስሕተት አርሜ እማማ ከ23ኛ ይልቅ 2ኛ ሆነው ቢወጡ ኖሮ «የመጀመሪያው ዝርዝር ጠፋ፣ ምን ይሻላል?» ብዬ እጨነቅ ነበር? አልጨነቅም። «እንኳን ደስ አለዎት» ብዬ እተኛ ነበር። «የነጠቅኳቸውን መመለስ ነው» ያልኩት ሰበብ የሚሠራው ለአንድ ሰው ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ዝርዝር ከሳቸው ጋር ሌሎች አምስት ሰዎች ነበሩ። እነሱንም ነጥቄያቸዋለሁ፤ ለመመለስ ግን አንድም ጊዜ አልተጫንኩላቸውም።

*

«እሺ፣ እማማ ግን ይገባቸው ነበር» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እላለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። መገባት ካለ ግን ቦታው የት ነው?

የኮንዶሚኒየም ዕጣ ራሱ ይህን ያውቃል። 30 በመቶ ለሴቶች፣ 20 በመቶ ለመንግሥት ሠራተኞች፣ 5 በመቶ ለአካል ጉዳተኞች ተብሎ ከዕጣው በፊት ድርሻ ይለያል። ትክክል ነው አይደለም ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ዋናው ነገር መከራከር መቻሉ ነው። በግልጽ ተነግሯል፣ ቁጥር አለው፣ ሁሉም ያውቀዋል። በሐዋርያት ሥራ ላይም በይሁዳ ቦታ ሰው ሲተካ እንዲሁ ነው። መጀመሪያ መስፈርት ተነገረ፤ መስፈርቱን የሚያሟሉ ሁለት ሰዎች ቀረቡ፤ ከዚያ ዕጣ ተጣለ፣ ለማትያስ ወጣ። ፍርድ የሰው ነበር፣ እስከሚችለው ድረስ። ዕጣው የገባው የሰው ፍርድ ባለቀበት ነው።

እኛ ጀሞ ላይ ተቃራኒውን አደረግን። ሦስት ስብሰባ ተሰብስበን «እንጀራ ጋግረው የሚኖሩ እናት ይቅደሙ ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ፊት ለፊት ለመመለስ ፈራን። ማን ይቀየማል፣ ማን ያኮርፋል ብለን ዕጣ ላይ ጣልነው። ከዚያ እኔ ሌሊት ብቻዬን ሆኜ፣ 41 ሰው በቀን ያልደፈረውን ፍርድ በአንድ ጣት ፈረድኩ። ዕጣ ፍርድን አያስቀረውም። ካልተጠነቀቅን የፍርዱን ቦታ ይለውጠዋል፤ ሰው ከሚያይበት አዳራሽ ማንም ወደማያይበት ክፍል።

ዕቁብ ይህን ፈተና እንዴት እንዳለፈው አስቤ አውቃለሁ። ወረቀት ይጠቀለላል፣ ኩባያ ይናወጣል፣ ሕፃን ተጠርቶ ያወጣል፤ ዳኛውና ጸሐፊው እያዩ፣ አባላቱ ቡና እየጠጡ። ኋላ ቀር ይመስላል፤ ከእኔ ኤክሴል ግን በሦስት ነገር ይበልጣል። አንደኛ፣ ወረቀቱን ማንም ከፍቶ መቁጠር ይችላል። ሁለተኛ፣ አንዴ የወጣ ወረቀት ወደ ኩባያው አይመለስም፤ ኤፍ 9 የለውም። ሦስተኛውና ትልቁ፣ በዕቁብ ዕጣ የሚወስነው መቼ እንደሚደርስህ ነው እንጂ መድረሱን አይደለም። ዛሬ ያልወጣለት በሚቀጥለው ይወጣለታል። ለዚህ ነው በዕቁብ ዕጣ የተሸነፈ ሰው እየሳቀ ወደ ቤቱ የሚሄደው። ለቤትና ለመጋዘን የሚወጣ ዕጣ ግን የሚለየው ባገኙና ባጡ መካከል ነው። ዕጣው ሲከብድ ጥንቃቄው አብሮ መክበድ ነበረበት፤ እኛ ግን ለዕቁብ ምስክር እንጠራለን፣ ለመተዳደሪያ ክፍል ላፕቶፕ ያለው ልጅ እንልካለን።

*

እሑድ ስብሰባ ላይ ወረቀቱ ከመለጠፉ በፊት እጄን አወጣሁ። ያሰብኩት ረጅም ንግግር ነበር፤ የወጣኝ አጭር ነው። «ዕጣውን አንዴ አይደለም ያወጣሁት። ውጤቱን አይቼ ደግሜዋለሁ።»

ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ ምድር ቤት ሞባይል የሚጠግነው ልጅ ከኋላ ጠየቀ፦

«ስንቴ ነው የጫንከው?»

«ስምንት።»

«ለማን ብለህ?»

መልስ መስጠት አልፈለግሁም፤ ለሳቸው ማፈሪያ ይሆናል ብዬ። እማማ ግን የዋዛ አይደሉም። ከፊት ወንበር ዞረው አዩኝና ገባቸው። ጋሼ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «በሉ ኩባያ አምጡ» አሉ። 41 ወረቀት ተቆርጦ፣ በየተራ ስም እየተጠራ፣ እየታየ ተጠቀለለ። የሁለተኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ስድስት አወጣች። እማማ አልወጣላቸውም። ሞባይል ጠጋኙም አልወጣለትም።

ደረጃ ስንወጣ ፌስታላቸውን ተቀበልኳቸው። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። ሦስተኛ ፎቅ እስክንደርስ ዝም አሉ። ከዚያ «ልጄ፣ ደግ መሆን ከፈለግህ በገዛ ገንዘብህ ሁን። በሰው ዕጣ ደግ አይኮንም» አሉኝና ፌስታሉን ተቀብለውኝ ገቡ።

ከዚያ ወዲህ ዕጣ አውጣልን የሚለኝ ሰው ሲመጣ እሺ እላለሁ፤ ግን ሁኔታ አስቀምጣለሁ። ዝርዝሩ ከሦስት ቀን በፊት ይለጠፍ፤ ስሙ የተሳሳተ፣ የቀረ፣ ያለአግባብ የገባ ካለ ያኔ ይታረም። ልዩ ድርሻ የሚሰጠው ካለ ከዕጣው በፊት በስብሰባ ይወሰን። ዕጣው ሰው እያየ ይውጣ፤ አንዴ ብቻ። በፕሮግራም ከሆነ ደግሞ የዘፈቀደ ቁጥሩ መነሻ ቀድሞ ይታወቅ፤ ኮምፒውተር ከአንድ መነሻ ቁጥር ሲነሳ ሁልጊዜ ያንኑ አደራደር ስለሚያወጣ፣ የተጠራጠረ ሰው ቤቱ ሄዶ ደግሞ ማየት ይችላል። መነሻ ቁጥሩንም እኔ አልመርጠውም፤ ተሰብሳቢው አንድ አንድ አሃዝ እየጠራ ይሙላው።

ሁሉም ጥሩ ነው፤ ግን አንድ ነገር አላስተካከለልኝም። ከወር በኋላ ሞባይል ጠጋኙ በር ላይ አገኘኝ። አልተቆጣም፤ እንዲያው የቆረጠው ነገር ነበር።

«በዚያ ሌሊት ካወጣሃቸው ዝርዝሮች፣ እኔ የወጣሁበት ነበር?»

ቆሜ አሰብኩ። ከመጨረሻው በፊት የጣልኳቸው ዘጠኝ ዝርዝሮች ናቸው፤ በእያንዳንዱ ስድስት ሰው። ኤክሴል አንዱንም አልያዘም። ጭንቅላቴም አልያዘም። ዘጠኙንም ዝርዝር በዓይኔ አይቻቸዋለሁ፤ የፈለግሁት ግን አንድ ስም ብቻ ነበር፣ እሱን ሳጣ የቀረውን ሳላነብ ነው የጫንኩት።

«አላውቅም» አልኩት። «አንተን አላየሁህም ነበር።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ ሥራው ተመለሰ።